ፓስካል በ2,048 ባይት

በጅምላ ለሚገዛ ሰው አንዱ አሥር የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ የሚያወጣ ኮምፒዩተር አለ። ስሙ ሲኤች32ቪ003 ነው፤ ስም አውጪው ለጆሮ አልተጨነቀም። የሚያመርተው በቻይና ናንጂንግ ከተማ የሚገኘው፣ በምሕጻሩ ደብሊውሲኤች የሚባለው ኩባንያ ነው። ርካሽ የአርዱይኖ ቅጂ ገዝቶ በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኘ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ይህን ኩባንያ ሳያውቀው ያውቀዋል። በእነዚያ ቦርዶች ላይ በብዛት የሚታየው ሲኤች340 የተባለ የዩኤስቢ ቺፕ የዚሁ ቤት ሥራ ነውና።

ኮምፒዩተር ያልኩት ለማጋነን አይደለም። ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት ፍላሽ፣ ሰዓቱ ሳይቀር በአንድ ቁራጭ ውስጥ ተሰብስበዋል። ከቅርጾቹ አንዱ ጎኑ 3 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በሰከንድ 48 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል ባለችው ቅጽበት ብርሃን ራሱ የሚጓዘው 6 ሜትር ከሩብ ገደማ ነው፤ ከሳሎን አንዱ ግድግዳ ተነስቶ ሌላኛው ሳይደርስ አይቀርም፣ ከዚያ አያልፍም።

እስከዚህ ድረስ የሚገርመው ብዛቱ ነበር። አሁን ወደ ማነሱ እንሂድ። ፕሮግራሙ የሚያርፍበት ፍላሽ 16,384 ባይት ነው። ፕሮግራሙ ሲሠራ የሚንቀሳቀስበት ራም ደግሞ 2,048 ባይት ነው። ሜጋ ወይም ጊጋ የሚል ቃል የዘለልኩ እንዳይመስላችሁ፤ ባይት ነው።

መጠኑ በዓይን እንዲታይ ጤፍ እንስፈር። አንድ ባይት አንድ የጤፍ ፍሬ ይሁን። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ 0.3 ግራም ገደማ ይመዝናል። የቺፑ ራም በዚህ ሚዛን 0.6 ግራም ነው፤ በሁለት ጣት የሚቆነጠር። ፍላሹ 5 ግራም አይሞላም። ስምንት ጊጋባይት ራም ያለው ተራ ላፕቶፕ ግን 8,589,934,592 ፍሬ ይይዛል፤ ይህ ከ25 ኩንታል በላይ ጤፍ ነው፣ ለማጓጓዝ አይሱዙ ያስፈልገዋል። ለዚያች ቁንጥር የሚሆነው ፕሮግራም የሚዘጋጀው በዚህ 25 ኩንታል ላይ ነው። ላፕቶፑ ላይ የተቀመጠ ኮምፓይለር ሰው የጻፈውን አንብቦ፣ ራሱ ሊሠራው ወደማይችለው የሌላ ፕሮሰሰር ቋንቋ ይቀይርና በአንዲት ሽቦ ወደ ቺፑ ይልከዋል። ሽቦዋ እውነትም አንዲት ናት፤ ይህ ቺፕ ፕሮግራም የሚቀበለው በአንድ እግሩ ነው።

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ፓስካል፣ እዚህ ውስጥ ይገባል? ይገባል። ግን ለማስገባት የሚሠራው የቁጠባ ሥራ ቺፑ ራሱ ከተሠራበት ጥበብ ያላነሰ ያስደንቃል።

በመጀመሪያ ፓስካል የተወለደበትን ቤት እንይ። ስዊዘርላንዳዊው ኒክላውስ ቪርት ቋንቋውን በዙሪክ የፌዴራል የቴክኖሎጂ ተቋም ሲነድፈው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኮምፓይለሩ የተጻፈው ለኮንትሮል ዳታ 6000 ቤተሰብ ማሽኖች ነበር። የቤተሰቡ በኩር 6600 ይባላል። በ1964 በሲሞር ክሬይ ንድፍ ወጥቶ እስከ 1969 ድረስ በዓለም ላይ የሚቀድመው ኮምፒዩተር አልነበረም። ወደ 400,000 የሚጠጉ ትራንዚስተሮች ነበሩት። ሙቀቱ የሚበርደው እንደ ፍሪጅ በፍሪዮን ነበር፤ ዋጋው በሚሊዮን ዶላር ነበር የሚቆጠረው።

ሰዓቱ በሰከንድ 10 ሚሊዮን ጊዜ ይመታ ነበር። ትልቁ ሚሞሪው 131,072 ቃል ሲሆን እያንዳንዱ ቃል 60 ቢት ነው፤ በዛሬው ባይት ሲመነዘር 983,040 ይሆናል። አሁን አሥር ሳንቲሙን ቺፕ ከጎኑ አቁሙት። በምት ፍጥነት ቺፑ 4.8 ጊዜ ይበልጣል። በራም ግን 480 ጊዜ ያንሳል። ቁጥሮቹን ሁለት ጊዜ አሰላኋቸው፤ 4.8 እና 480፣ እንደ ተነጋገሩ ናቸው። የምት ፍጥነት ብቻውን ሁሉን አይናገርም፤ የክሬይ ማሽን ባለ 60 ቢት ትልልቅ የአስርዮሽ ቁጥሮችን ያባዛ ነበር፣ የእኛ ቺፕ ደግሞ ሦስትን በአምስት ማባዛት እንኳ በሃርድዌር አያውቅም። ወደዚህ እመለሳለሁ። ቢሆንም ነጥቡ ግልጽ ነው። ፓስካል የተወለደው በቀርፋፋ ቤት ውስጥ ነው፣ ግን በሰፊ ቤት። ዛሬ የሚጋበዝበት ቤት ፈጣን ነው፣ ግን መቆሚያ የለውም።

በመካከል ያለውን ታሪክ በፍጥነት ልለፈው። ፓስካልን ወደ ሚሊዮኖች እጅ ያደረሰው በ1983 ቦርላንድ ያወጣው፣ አንደርስ ሄልስበርግ የጻፈው ተርቦ ፓስካል ነው። ዋጋው 49.95 ዶላር ነበር፤ በዚህ ገንዘብ ዛሬ 499 ቺፖች ይገዛሉ። የዚሁ ምርት 3.02 የተባለው ቅጂ ኮምፓይለሩንም፣ የጽሑፍ ማረሚያውንም ጭምር በአንድ ፋይል ይዞ 39,731 ባይት ብቻ ነበር። በዘመኑ ይህ ተአምር ነበር፤ ዛሬ አንድ ተራ ፎቶ ከዚያ ይበልጣል። በእኛ ቺፕ ፍላሽ ለማስቀመጥ ግን ሦስት ቺፕ ይፈልጋል፤ በሁለቱ አይገባም።

ቦርላንድ ለዶስ የሚሆነውን ፓስካል ማሳደግ ሲያቆም ፍሎሪያን ክሌምፕፍል የተባለ ጀርመናዊ በ1993 የራሱን ኮምፓይለር መጻፍ ጀመረ። ዛሬ ፍሪ ፓስካል የምንለው እሱ ነው። በ1995 ራሱን በራሱ መተርጎም ቻለ። ከኢንቴል እስከ አርም፣ ከስፓርክ እስከ ዜድ80 ድረስ ለተለያዩ ፕሮሰሰሮች ይተረጉማል፤ በእድገት ላይ ያለው ቅጂው ሪስክ-ፋይቭንም በባለ 32ም በባለ 64 ቢትም ያውቃል። የምንጭ ጽሑፉ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር መስመር ነው። አንድ ለውጥ ሲገባበት የሚፈተነው አስቀድሞ በራሱ ነው፤ ኮምፓይለሩ ራሱን ይተረጉማል፣ የተወለደው ኮምፓይለር ደግሞ እንደገና ያንኑ ይተረጉማል፣ ልጅና የልጅ ልጅ አንድ ዓይነት ሆነው ካልተገኙ ስህተት አለ ማለት ነው። ለዚህ ቺፕ እንዲህ ያለ ፈተና አይታሰብም። ኮምፓይለሩም ሆነ የምንጭ ጽሑፉ እዚያ ውስጥ አይገባም።

ሪስክ-ፋይቭ እንግዲህ ምንድን ነው? ፕሮሰሰር የሚገባቸው ትእዛዞች ዝርዝር ነው፤ በ2010 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተጀመረ። ዝርዝሩን ማንም አንብቦ፣ ለማንም የፈቃድ ክፍያ ሳይከፍል ፕሮሰሰር መሥራት ይችላል። የቺፑ ዋጋ ወደ አሥር ሳንቲም እንዲወርድ ካገዙት ነገሮች አንዱ ይህ ነው። የባለ 32 ቢቱ መሠረት 40 ትእዛዞች ብቻ ናቸው። አርባ! መደመር፣ መቀነስ፣ ማወዳደር፣ መዝለል፣ ከሚሞሪ መውሰድ፣ ወደ ሚሞሪ መመለስ፣ ቢትን ወደ ግራና ወደ ቀኝ መግፋት፤ ሌላው ሁሉ የእነዚህ ጥርቅም ነው። ማባዛትና ማካፈል ከአርባዎቹ ውስጥ የሉም፤ ተጨማሪ ክፍል ናቸው፣ ደብሊውሲኤችም ይህን ተጨማሪ ክፍል እዚህ ቺፕ ላይ አላደረገውም።

ሌላም ቀንሷል። መደበኛው ሪስክ-ፋይቭ 32 ሬጅስተሮች አሉት፤ ፕሮሰሰሩ ቁጥሮችን በእጁ የሚይዝባቸው ቦታዎች ማለት ነው። ለትንንሽ ቺፖች የተፈቀደው ዝርያ፣ በፊደል ስሙ «ኢ» የሚባለው፣ ግማሹን ጥሎ በ16 ይቀራል። ትርፉ ግልጽ ነው፤ በትንንሽ ፕሮሰሰሮች ውስጥ የላይኞቹ 16 ሬጅስተሮች፣ ሚሞሪውን ሳይጨምር፣ ከፕሮሰሰሩ ስፋት ሩብ ያህሉን ይወስዳሉ። የሲሊከን ሩብ ማለት ደግሞ የዋጋ ጉዳይ ነው።

ይህን የሚከፍለው ግን ኮምፓይለሩ ነው። ከ16ቱ አንዱ ምንጊዜም ዜሮ ነው። አንዱ የመመለሻ አድራሻ ይይዛል፣ አንዱ የስታኩን፣ ማለትም ፕሮሲጀሮች ጊዜያዊ ነገራቸውን የሚደራርቡበትን የራም ክፍል ጫፍ፣ ሁለቱ ለሌላ ጉዳይ የተያዙ ናቸው። ለሥራ የሚተርፉት 11 ናቸው። በመደበኛው ዝርያ 27 ነበሩ። አንድ ፕሮሲጀር በሬጅስተር የሚቀበላቸው እሴቶች ከ8 ወደ 6 ይወርዳሉ፤ ፕሮሲጀሮች ሲጠራሩ ሳይነኩ የሚጠበቁት ከ12 ወደ 2። ኮምፓይለሩ 17ኛውን ሬጅስተር አንዴ እንኳ ቢጠቅስ ቺፑ አያጉረመርምም፣ አይጠይቅም፤ ያልታወቀ ትእዛዝ ብሎ ይቆማል። ስለዚህ ለዚህ ቺፕ ድጋፍ የሚጨምር ሰው የመጀመሪያ ሥራው ክልከላ ነው። ሬጅስተር የሚያድለውን ክፍል «ከዚህ በላይ የለህም» ይለዋል። ቀጥሎ ሰዎች በእጃቸው በአሴምብሊ የጻፏቸውን የላይብረሪ ቁርጥራጮች አንድ በአንድ ይፈትሻል፤ ከእነሱ አንዱ 28ኛውን ሬጅስተር ለምዶ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

አሥራ ስድስት ማነሱ የሚያስፈራው ሰው ካለ አንድ ነገር ልንገረው። ቪርት ራሱ ጡረታ ከወጣ ከረጅም ጊዜ በኋላ፣ በ2013 ኦቤሮን የተባለውን ሥርዓቱን ሲያድስ የገዛ ፕሮሰሰሩን ነድፎ ነበር። የሬጅስተሮቹ ቁጥር 16 ነው። ስሙም ሪስክ5 ይባላል፤ ከበርክሌዩ ሪስክ-ፋይቭ ጋር ዝምድና የለውም፣ አጋጣሚ ነው። የፓስካል አባት ሰማንያ ሊሞላው አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ማንም ሳያስገድደው፣ በ16 በቃኝ ብሏል። እኔ ይህን ከአሥር ክርክር እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ማባዛት ልመለስ። ፓስካል ውስጥ ሁለት ቁጥሮች መካከል የማባዣ ምልክት የሚያኖር ሰው ሥራው በአንድ ትእዛዝ እንደሚያልቅ ይገምታል። እዚህ ግን ኮምፓይለሩ ብልሃት መፈለግ አለበት። ማባዣው አስቀድሞ የታወቀ ከሆነ፣ ለምሳሌ 10፣ ቁጥሩን ሦስት ቢት ወደ ግራ ይገፋል፣ አንድ ቢት የተገፋውን ይጨምርበታል፤ ስምንት እጥፍና ሁለት እጥፍ ሲደመሩ አሥር እጥፍ ናቸው። ማባዣው ካልታወቀ ግን በቢት እየተራመደ እስከ 32 ዙር የሚዞር ትንሽ ፕሮሲጀር ይጠራል። ማካፈልም እንዲሁ 32 ዙር ነው። አንድ ቁጥር ለሰው በሚነበብ መልክ ለማሳየት ደግሞ በ10 ደጋግሞ ማካፈል የግድ ነው፤ በ32 ቢት የሚያዘው ትልቁ ቁጥር 4,294,967,295 አሥር አኃዝ አለው፣ አሥር ማካፈል ማለት ነው፣ 320 ዙር። ቺፑ ይህን ሁሉ ዞሮ ሲጨርስ አንድ ሺህኛ ሰከንድ እንኳ አልሞላም። ጊዜ ሞልቶታል። ያነሰው ቦታ ነው።

ቦታው ምን ያህል እንዳነሰ ለማየት ከፓስካል ተራ ልማዶች አንዱን ብቻ እንውሰድ፤ ስትሪንግ። ርዝመቱ ሳይገለጽ «ስትሪንግ» ተብሎ የታወጀ ተለዋዋጭ በነባሩ ደንብ 256 ባይት ይወስዳል፤ አንዱ ለርዝመቱ፣ 255ቱ ለፊደላቱ። ላፕቶፕ ላይ ይህን የሚቆጥር የለም። እዚህ ግን ስምንት ስትሪንግ 2,048 ባይት ነው። ልክ፣ ያለ ትርፍ። ስምንት ስም የሚይዝ ፕሮግራም ራሙን ጨርሶ ስታክ የሚባለው ነገር የሚያርፍበት መሬት ያጣል። ሁለት ስትሪንጎችን በመደመር ምልክት ማያያዝ እንኳ በመሐል 256 ባይት ጊዜያዊ ቦታ ይጠይቃል፤ የራሙ አንድ ስምንተኛ ለአንድ መስመር።

ይባስ ብሎ ፕሮግራመሩ ያልጻፈው ወጪ አለ። ፓስካል ሲነሳ የጽሑፍ መግቢያና መውጫ ፋይሎችን ሳይጠየቅ ያዘጋጃል፤ ፍሪ ፓስካል ውስጥ አምስት ናቸው። በተለመደው ኮምፒዩተር ላይ እያንዳንዳቸው 256 ባይት መጠራቀሚያና ቢያንስ 256 ባይት የስም ቦታ አላቸው። በትንሹ 512 ነው። አራቱ ብቻ 2,048 ይሞላሉ፤ አምስተኛው ውጭ ያድራል። ፕሮግራሙ ገና አንድ ቃል ሳይተነፍስ ራሙ አልቋል።

ስለዚህ የዚህ ሥራ ትልቁ ድርሻ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው። ፍሪ ፓስካል ማህደርና ስርዓተ ክወና ለሌላቸው ቺፖች ሲገነባ መሠረታዊ ላይብረሪው በባሕርይ የተከፋፈለ ነው፤ ሂፕ፣ የስህተት አያያዝ፣ ክላስ፣ የጽሑፍ ፋይል፣ ረጃጅም ስትሪንግ፣ እያንዳንዱ የሚዘጋበት ቁልፍ አለው። የማያስፈልገውን ዘግተው፣ ማንም ያልጠራውን ፕሮሲጀር ደግሞ የፕሮግራሙን ክፍሎች የሚያያይዘው ሊንከር እንዲጥለው አድርገው ይቀጥላሉ። እኔ ይህን ክፍል ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ስለ ሶፍትዌር ውፍረት ብዙ እንሰማለን፤ ቪርት ራሱ በ1995 ቀጭን ሶፍትዌር እንዲጻፍ የሚማጸን ታዋቂ ጽሑፍ አሳትሟል። እዚህ ግን ቅጥነት ምክር መሆኑ ቀርቷል፤ ያልቀጠነ ከነጭራሹ አይነሳም።

ከዚያ አድራሻው አለ። ባለ 32 ቢት ፕሮሰሰር 4,294,967,296 አድራሻዎችን መጥራት ይችላል። የእኛ ራም ከእነዚህ ውስጥ 2,048ቱን ይይዛል፤ ከ2,097,152 አንዱን መሆኑ ነው። እሱም ከዜሮ አይጀምርም፤ ከ536,870,912 ነው የሚጀምረው። በሊንከሩ መመሪያ ውስጥ ይህ ቁጥር በአንድ አኃዝ ቢሳሳት ፕሮግራሙ በሌለ መሬት ላይ ቤት ይሠራል። የኤሌክትሪክ እግሮቹን የሚቆጣጠረው ክፍል ደግሞ 1,073,809,408 ላይ ተቀምጧል። ፓስካል ለዚህ የተመቸ አሮጌ መሣሪያ አለው፤ «አብሶሉት» በሚል ቃል አንድን ተለዋዋጭ በተፈለገው አድራሻ ላይ ማኖር ይቻላል፣ ከራም አንድም ባይት ሳይነካ። መብራት ማብራት ማለት ለዚያ ተለዋዋጭ ቁጥር መስጠት ብቻ ይሆናል።

በፍላሹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ የኢንተራፕት ሰንጠረዥ አለ። ሰዓት ሲሞላ፣ ቁልፍ ሲጫን፣ መልእክት ሲደርስ ወዴት መሄድ እንዳለበት ለቺፑ የሚነግሩ 39 ቦታዎች፣ እያንዳንዳቸው 4 ባይት፣ በድምሩ 156። ከፍላሹ አንድ በመቶ ገደማ ለመንገድ ጠቋሚ ብቻ ሄደ። ኢንተራፕት በመጣ ቁጥር ሥራ ላይ የነበሩ ሬጅስተሮች ይቀመጣሉ፤ በመደበኛው ዝርያ እስከ 16 ድረስ ነበሩ፣ 64 ባይት። እዚህ 10 ናቸው፣ 40 ባይት። የሬጅስተር ማነስ አንድ ጊዜ ጠቀመ።

የኛን አገር አንባቢ በቀጥታ የሚመለከተው ስሌት ቀጥሎ ያለው ነው።

አንድ የግእዝ ፊደል ዛሬ ዓለም በሚጠቀምበት የዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ 3 ባይት ነው። እንግሊዝኛው አንድ። ስለዚህ 255 ቦታ ያለው የፓስካል ስትሪንግ በአማርኛ 85 ፊደል ይይዛል፤ ሲካፈል ቀሪ የለውም። ራሙ በሙሉ 682 ፊደል ነው። ፍላሹ 5,461 ፊደል፤ ይህ የምታነቡት ጽሑፍ አይገባበትም።

ፊደሉን በትንሽ ስክሪን ላይ ለማሳየትስ? ከዚህ ዓይነት ቺፕ ጋር የሚገጠመው የተለመደው ባለ 128 በ64 ነጥብ ስክሪን ነው። ሙሉ ምስሉን በራም ልያዝ የሚል 1,024 ባይት ይከፍላል፤ የራሙን ግማሽ። ደግነቱ ስክሪኑ የራሱ ሚሞሪ ስላለው አንዱን ፊደል ከፍላሽ እያነሱ በቀጥታ መላክ ይቻላል። የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች 95 ናቸው፤ በ8 በ8 ነጥብ ሲሣሉ 760 ባይት ያህላሉ። «ጨ» እና «ጬ» በዚህ መጠን አይለዩም። ለእኛ ፊደል 16 በ16 ነጥብ ቢሰጠው ያምርበታል፤ አንዱ 32 ባይት ማለት ነው። በዩኒኮድ ዋናው የግእዝ ሠፈር 384 ቦታዎች አሉት። 384 በ32፣ 12,288 ባይት።

ከ16,384 ላይ ቀንሱት። የሚተርፈው 4,096 ነው፤ አራት ኪሎባይት፣ ያለ ሽርፍራፊ። የግእዝ ሠፈር በሙሉ፣ ከአራት ነጥብ እስከ ግእዝ ቁጥሮች፣ አሥር ሳንቲም በሚያወጣ ቺፕ ውስጥ ገብቶ ለፕሮግራሙ አራት ኪሎባይት ይተርፋል። ቺፑ ከትእዛዞቹ ብዙዎቹን በ2 ባይት መጻፍ ስለሚችል፣ በዚያ በተረፈው ቦታ እስከ 2,048 ትእዛዝ ያርፋል። ያ ቁጥር እንደገና መጣ።

ፓስካል እዚህ ላይ ሲ ከተባለው ቋንቋ የሚሻልበት አንድ ነገር አለው። በሲ ድርድር ምንጊዜም ከዜሮ ይቆጠራል። በፓስካል ከተፈለገው ቁጥር ይጀምራል። «ሀ» በዩኒኮድ 4608 ነው፤ የፊደል ሥዕሎቹን ድርድር ከ4608 እስከ 4991 ብሎ ማወጅ ይቻላል፣ ፕሮግራመሩም ፊደሉን በራሱ ቁጥር ይጠራዋል። የመቀነሱን ሒሳብ ኮምፓይለሩ ራሱ ይጨርሰዋል።

ግን አንድ ወጥመድ አለ፤ ከተርቦ ፓስካል ዘመን የወረደ ነው። በዚያ ልማድ ዓይነቱ የተገለጸ «ቋሚ» በእውነቱ ቋሚ አይደለም፤ መነሻ እሴት የተሰጠው ተለዋዋጭ ነው፣ ፕሮግራሙ ሲነሳም ወደ ራም ይገለበጣል። ፍሪ ፓስካል ይህን ልማድ ጠብቆታል። የፊደል ድርድሩን እንዲህ ያወጀ ሰው 12,288 ባይት ወደ 2,048 ሊያስገባ ነው፤ ስድስት እጥፍ። ሊንከሩ እምቢ ይላል። መፍትሔው የኮምፓይለሩ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ናት፤ ቋሚዎች እንዳይጻፍባቸው ስትከለክል ድርድሩ ፍላሽ ውስጥ ይቀራል። በ1980ዎቹ ለምቾት የተወሰነ አንድ ውሳኔ ከአርባ ዓመት በኋላ አሥር ሳንቲም ቺፕ ላይ ሲያደናቅፍ ማየት ደስ ይላል፣ የሚደናቀፈው ሌላ ሰው እስከሆነ ድረስ።

እንግዲህ ማን ይፈልገዋል? ለዚህ ቺፕ ሲ አስቀድሞ ደርሷል፤ አምራቹም በሲ ነው የሚያስተምረው። ፓስካል ያንን ቦታ ይወስዳል የሚል ግምት የለኝም። ፓይተን ለምትሉ ደግሞ ለማይክሮኮንትሮለር የተቀነሰው ማይክሮፓይተን 256 ኪሎባይት የኮድ ቦታና 16 ኪሎባይት ራም እፈልጋለሁ ይላል፤ የፍላሹ 16 እጥፍ፣ የራሙ 8 እጥፍ ነው። በሩን አያልፍም። ፓስካል ያልፋል። ደቂቃ የሚይዝ ተለዋዋጭ ከ0 እስከ 59 ብሎ ቢታወጅ በአንድ ባይት ይቀመጣል፣ ሰባ ብሎ የጻፈበትን ተማሪም ኮምፓይለሩ ቺፑ ጋ ሳይደርስ ያስጠነቅቀዋል። ይህ ጥበቃ በቺፑ ላይ የሚያስከፍለው ዜሮ ባይት ነው፤ ወጪው ያለው በ25 ኩንታሉ ላይ ነው። ፕሮግራም መጻፍ ለሚጀምር ሰው፣ በአሥር ሳንቲም ሃርድዌርና በነጻ ኮምፓይለር፣ ከዚህ የሚበልጥ ስምምነት አላውቅም።

የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። በየዩኒቨርሲቲው ኤሌክትሮኒክስ የምትማሩ፣ የመመረቂያ ሥራ ርእስ ያጣችሁ፣ ይህን ውሰዱት። ፊደላችንን በ16 በ16 ነጥብ ሥላችሁ፣ በአንድ የፓስካል ዩኒት ጠቅልላችሁ፣ ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት አውጡት። ከ«ሀ» እስከ «ፖ» 33 ፊደላት በሰባት ቤት 231 ናቸው፤ በድምሩ 7,392 ባይት፣ ከፍላሹ ግማሽ አይሞላም።